የጋሽ ኡርጌሳ ሁለት ኪሎ መነጽር

የእኛ ቀበሌ ሰው ሩሲያዊ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ያመነው ጋሽ ኡርጌሳ ስላሉ ነው። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው። አሁን የምናገረው ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሊጠይቁኝ የሚችሉት ሰዎች ስላለቁ ነው።

ጋሽ ኡርጌሳ የናዝሬት ሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ሲኒማ ቤቱ ከባቡር ጣቢያው እልፍ ብሎ የነበረው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ጣውላ የሆነው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ድምፅ ስለማይሰማ ተዋናዮቹ የሚሉትን ሰው በግምት ይጨርስላቸው ነበር። ጋሽ ኡርጌሳ መጀመሪያ የተቀጠሩት ለጠራጊነት ነው። ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር፤ ሰውየው እያንቀላፋ የሚያሠራውን ማሽን እሳቸው እያዩ ተማሩትና አንድ ቀን መጥረጊያውን ጥለው በመሰላል ወደ ማሽን ክፍሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ የወረዱት ለምሳና ለለቅሶ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሙሴ ያኒ ከአዲስ አበባ በባቡር አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ከሳጥኑ ከነሐስና ከብረት የተሠራ፣ ከፊትም ከኋላም መስታወት ያለው፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ነገር ወጣ። ከማሽኑ ፊት የሚገጠም የሲኒማስኮፕ መነጽር ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ነገሩን ሲያስረዱ እንዲህ ይሉ ነበር፦ የፊልሙ ሪባን ጠባብ ነው፤ ሰፊውን አገር እዚያ ውስጥ ለመክተት አንሺዎቹ ምስሉን ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል። ነጠላ ሳጥን ውስጥ ሲገባ እንደሚታጠፍ ማለት ነው። መነጽሩ ነጠላውን መልሶ የሚዘረጋው እጅ ነው። መነጽሩ ከሌለ ሰው እንደታጠፈ ይቀራል።

የድሮው ሸራ ለሰፊ ምስል አልበቃም። አብዱልመናን የሚባል ልብስ ሰፊ በአዳራሹ ወለል ላይ ተንበርክኮ ሦስት ቀን ሙሉ አቡጀዲ ከአቡጀዲ ሲሰፋ ሰነበተ። ስፌቱ መሐል ላይ ስለዋለ ማንኛውም ተዋናይ በሸራው መሐል ሲያልፍ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይወጣበታል፤ ካለፈ በኋላ ይድናል። የከተማው ሰው ይህን የፊልሙ አካል አድርጎ ተቀበለው።

ሙሴ ያኒ አውሮፓ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር አዲስ ወሬ ያመጣል። ሦስት ማሽን ጎን ለጎን ተተክሎ አንድ ፊልም የሚያሳይበት አዳራሽ አይቻለሁ አለ። ሦስት ኦፕሬተር አለው፤ ፈረሱ ከግራው ማሽን ተነስቶ ወደ መሐለኛው ሲገባ የመሐሉ ሰውዬ ካንቀላፋ የፈረሱ ጭንቅላት ቀድሞ ደርሶ እግሩን ይጠብቃል። ቀጥሎ ደግሞ ሰባ ሚሊሜትር የሚባል መጣ አለ። ሪባኑ የእኛን እጥፍ ነው፣ የሰው መዳፍ ያህላል፤ ጨምቁኝ ዘርጉኝ የለም፣ ዓለም በልኳ ትገባለች። ጋሽ ኡርጌሳ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሌላው ሰው ስለ ኢየሩሳሌም እንደሚያወራው ስለ ሰባ ሚሊሜትር ያወሩ ጀመር። እስከዚያው ድረስ ግን መነጽራቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁ ነበር።

አብዮቱ ፈነዳ። ሙሴ ያኒ አገር ለቆ ሄደ፣ አዳራሹም ለቀበሌው ሆነ። ንብረት እንዲመዘግብ ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጓድ ጎበና ነበር፤ ጸሐፊው፣ ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር፣ እኔ ሆንኩ። ያን ሳምንት ጋሽ ኡርጌሳ ለለቅሶ ኢተያ ሄደው ነበር። በመሰላሉ ወጥተን ማሽኑን መዘገብን፣ ወንበሩን መዘገብን፣ አንድ የተሰበረ ጃንጥላ መዘገብን። መደርደሪያው ላይ ያ ክብ ብረት ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። አለማወቅ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለኮሚቴ የተፈቀደ ነገር አልነበረም።

ጓድ ጎበና አነሳው፣ በእጁ መዘነው፣ ሁለት ኪሎ ትሆናለች አለ። የሚዛን ድንጋይ ሲኒማ ቤት ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩ። ግሪኩ ነጋዴ ነው፣ ነጋዴ ሚዛን ሳይዝ አይተኛም አለኝ። መስታወቱስ ብል፣ እሱ የማጭበርበሪያ ቀዳዳ ነው አለ። እኔም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ «የሚዛን ድንጋይ፣ ባለ ሁለት ኪሎ፣ ብዛት አንድ» ብዬ ጻፍኩና ሦስታችንም ፈረምንበት።

እግዜር ሲያዘው በዚያው ወር የቀበሌ ሱቅ ተከፈተ። ሚዛኑ መጣ፣ ድንጋዮቹ ግን የት እንደቀሩ ሳይታወቅ ቀሩ። ስለዚህ የእኛ ሁለት ኪሎ ወደ ሱቁ ተላከችና ስኳር ትመዝን ጀመር። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የሞላሰሱ ሽታ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ስኳሩ ግን በወር አንድ ጊዜ፣ በሰልፍ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ኪሎ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ነው።

በሌሎች ቀበሌዎች ሁሉም ከወሰደ በኋላ ጆንያው ውስጥ የሚተርፍ ነገር ነበር፤ ስማቸው መዝገብ ላይ ያለ፣ ራሳቸው ግን ከተማውን የለቀቁ ሰዎች ድርሻ ነው። ትራፊው ለኮሚቴው ሻይ ይሆናል። በእኛ ቀበሌ ግን አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም። ባለ ሱቋ ወርቄ ጆንያውን ገልብጣ ታራግፍልናለች፣ ምንም የለም። እንደምትሰርቅ ጠርጥሬ ሁለት ጊዜ ፈተሽኳት፣ ሁለት ጊዜም ሰደበችኝ። ኮሚቴያችን ስለ ሰፊው ሕዝብ ጥቅም የሚመክረው መራራ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ጋሽ ኡርጌሳ ከለቅሶ ሲመለሱ መደርደሪያው ባዶ ነው። የመጀመሪያው የሶቪየት ፊልም ደግሞ ደርሷል፤ ሰፊ፣ ሲኒማስኮፕ። ያለ መነጽር አሳዩት። ሸራው ላይ የታዩት ሰዎች ቁመታቸው የባሕር ዛፍ፣ ውፍረታቸው የባሕር ዛፍ ሆነ። ፈረሶቹ ፍየል መሰሉ። የትራክተሩ ጎማ እንቁላል ነበር።

በዚያን ጊዜ ፊልም አይቶ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ ውይይት አለ። አንድ የሻሸመኔ ቆዳ ነጋዴ እጁን አውጥቶ ሰዎቹ ስለምን እንዲህ እንደቀጠኑ ጠየቀ። ጓድ ጎበና ዞሮ ወደ ማሽን ክፍሉ መስኮት አየ። ጋሽ ኡርጌሳ አንገታቸውን በመስኮቱ ብቅ አደረጉ። በአገራቸው እንደዚህ ናቸው አሉና ተመልሰው ገቡ።

ጓድ ጎበና ይህችን ይዞ ሮጠ። ቦርጭ የብዝበዛ ውጤት ነው፤ በዝባዥ በሌለበት አገር ቦርጭም የለም፤ ይኸው በዓይናችሁ አያችሁ አለ። ጎማውስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለጭቃ የተሠራ ነው አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየስብሰባው ያስተምረው ነበር። በቀበሌያችን አንድ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሰውየው በዚያ በናዝሬት ሙቀት ሆዱን ለመደበቅ ካፖርት መልበስ ጀመረ።

እኔም አመንኩ። የሚገርመኝ ግን ጋሽ ኡርጌሳ የራሽን ቀንም ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ መሄዳቸው ነበር። ከወርቄ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የሚዛኑን ድንጋይ አንስተው በመሐረባቸው ጥርግ ያደርጉታል፣ ወደ ብርሃን ያዞሩታል፣ ይመልሱታል፣ ይሄዳሉ። ሰው ደግሞ መቼ ይተኛል፤ ሽማግሌው ወርቄን ወደዷት ተባለ። ወሬው እትዬ አየለች፣ ሚስታቸው፣ ጆሮ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ባላቸውን ከነመሐረባቸው ያዟቸው። ምን ትሠራለህ ቢሏቸው ጋሽ ኡርጌሳ ፍንክች አላሉም። እትዬ አየለች ሁለት ወር አኮረፏቸው። ቅዳሜዋ ግን አልቀረችም።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ገባ። መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ አምስተኛ ዓመት፣ የሶቪየት እንግዳ ትመጣለች ተባለ። ተርባይን የምታውቅ ኢንጂነር ናት፣ የቆቃን ግድብ ልታይ ነው፣ በዚያው ፊልም ይዛ ትመጣለች። አብሮ የመጣው ሌላ ወሬ ግን መጥፎ ነበር። ሕዝቡ ወደ ሲኒማው የሚመጣው በግዳጅ ብቻ ስለሆነ አዳራሹ ከበዓሉ በኋላ የእህል መጋዘን ይሁን ተብሏል። የእንግዳዋ ዝግጅት ካማረ ይታሰብበታል፣ ካላማረ ማሽኑ ይነቀላል፣ ጋሽ ኡርጌሳም የመጋዘን ዘበኛ ይሆናሉ። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰምተው ሲያበቁ፣ ሌሊት ሌሊት አይጥ ማባረር ለእድሜዬ ይከብዳል ብቻ አሉ። ዓይናቸው ግን ከማሽኑ አልተነሳም።

በበዓሉ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው መጥቶ ቆመ። ኢንጂነር ጋሊና ወረደች። ስትወርድ መኪናው ከፍ አለ። አጭር፣ ሰፊ፣ ጉንጯ የቀላ፣ ሳቂታ ሴትዮ ነበረች፤ የእኛ ዳቦ ጋጋሪ አጠገቧ ቢቆም የሚሊሺያ ምልምል ይመስል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው እሷን እንዳየ እዚያው በሕዝብ ፊት ካፖርቱን አወለቀ። ጓድ ጎበና ፊቱ አመድ መሰለ። ጎተተኝና፣ ፊልሙ ውስጥ ራሷ አለችበት፣ ተርባይኑ ፊት ቆማ ትናገራለች፤ ቀጥና ብትታይ በእንግዳ ላይ ማላገጥ ነው፤ ሂድ ኡርጌሳን አንድ ነገር ያድርግ በለው አለኝ።

በመሰላሉ ወጥቼ ነገርኳቸው።

«መነጽሩ ያስፈልጋል» አሉ።

«የትኛው መነጽር?»

«አንተ ሁለት ኪሎ ብለህ የጻፍከው።»

ነገሩ ሲገባኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ሲጠርጉ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለምን አልነገሩንም ማለት አማረኝ፤ ግን እሳቸው መሰላሉን ወርደው ጨርሰዋል።

የበዓል ስኳር የመጣው ለዚያው ቀን ነበር። ሰልፉ ከሱቁ በር ተነስቶ ጥግ ዞሯል። ወርቄ ላቧ ጠብ እያለ ትመዝናለች። ጋሽ ኡርጌሳ ገብተው፣ ወርቄ ማሎ፣ እባክሽ ድንጋዩን ለሁለት ሰዓት ስጪኝ አሏት። ይህን ሁሉ ሕዝብ በምን ልመዝንለት ነው የሚሉኝ አለች፤ እውነቷን ነው። ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። የሰባት ልጆች እናት የሆነችው ዘርፉ ፊት ላይ ነበረች፣ ዘንቢሏን ከጉያዋ አወጣች።

«ድንጋዩ ከሄደ እኛም አብረን እንሄዳለን» አለች። «ከዓይናችን አይጠፋም።»

አገሬው ወረፋ መያዝ ያውቅበታል። እያንዳንዷ ሴት በቆመችበት ቦታ ድንጋይዋን፣ ጣሳዋን፣ የተቀደደ ጫማዋን አስቀመጠች። መንገዱ ላይ የድንጋይ ሰልፍ ቀረ፣ የሰው ሰልፍ ተራውን ሳይስት ወደ ሲኒማ ቤት ተጓዘ። ከፊት ጋሽ ኡርጌሳ መነጽራቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ከኋላ ወርቄ፣ ከዚያ ዘርፉ፣ ከዚያ መቶ ምናምን ሰው። ጓድ ጎበና በር ላይ ቆሞ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። በአራት ዓመት ውስጥ ማንም ሳይጠራው የመጣ ሕዝብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተራቸውን እንደጠበቁ ተቀመጡ፣ አንዷም ወንበር አልተቀማችም።

ፊልሙ ጀመረ። መጀመሪያ እንደለመድነው የታጠፈ ነገር ታየ፤ ጋሽ ኡርጌሳ መነጽሩን ገጥመው ሲያዞሩ ምስሉ ከግራና ከቀኝ እየተገፋ፣ እየተዘረጋ ሄዶ ሸራውን ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላው። አዳራሹ በአንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። ወንዙ ሰፋ። ፈረሱ ፈረስ ሆነ። ጎማው ክብ ሆነ፤ አንድ ሰው ከኋላ፣ ጭቃው ደረቀ መሰለኝ አለ። ከዚያ ተርባይኑ መጣ፣ ከፊቱም ኢንጂነር ጋሊና፣ በሙሉ ስፋቷ፣ በአብዱልመናን ስፌት ላይ ቆማ፣ ፊቷ ላይ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ወጥቶባት። ኢንጂነሯ ወንበሯ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች፣ አጨበጨበችም። አዳራሹ ተከተላት። እኔ ያየሁት ግን ወደ መስኮቱ ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ያለቅሱ ነበር።

በውይይቱ ላይ ጓድ ጎበና ተነስቶ፣ ሶቪየቶች በአምስት ዓመቱ ዕቅድ ምርታቸው ስላደገ ጓዶቹ ባለፉት ጥቂት ወራት እንደወፈሩ አስረዳ። ማንም አልተከራከረውም። ኢንጂነሯ በአስተርጓሚዋ በኩል ፊልሙ መጀመሪያ የተነሳው በሰባ ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ለትናንሽ አዳራሽ ግን ተጨምቆ በጠባቡ ሪባን እንደሚታተም ተናገረች። ጋሽ ኡርጌሳ ይህን ሲሰሙ መሰላሉን ወርደው መጡና፣ እውነት ሪባኑ መዳፍ ያህላል ወይ ብለው አስጠየቁ። እሷም መዳፏን ከፍታ አሳየቻቸው። መዳፏ ከሰው ሁሉ ሰፊ ስለነበር ጋሽ ኡርጌሳ ከዚያ ወዲያ ሰባ ሚሊሜትርን አግንነው እስኪሞቱ ድረስ ተሳስተው ኖሩ።

ነገሩ የዞረው ከዚህ በኋላ ነው። ጓድ ጎበና ደስ ብሎታል፤ አዳራሹ አይነካም፣ ሕዝቡ በፈቃዱ እንደመጣ ሪፖርት አደርጋለሁ አለ። ይህ መነጽር ከእንግዲህ የሲኒማው ነው፣ ለሱቁ ማኅተም ያለው ትክክለኛ የሚዛን ድንጋይ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን ሲል ጨመረበት። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ጥፋቴ ሊጠፋልኝ ነው። ጋሽ ኡርጌሳ ግን መነጽሩን እንደታቀፉ ወደ ሴቶቹ ዞረው አዩ። ዘርፉ ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«አያስፈልግም» አሉ። «መነጽሩ አርጅቷል፣ ሙቀት አይችልም። ለእንግዳ ለእንግዳ ካበራ ይበቃዋል። ሚዛኑ ላይ ይረፍ።»

«ኪሎው ልክ ነው?» አለ ጓድ ጎበና።

«ልክ ሁለት ኪሎ» አሉ ጋሽ ኡርጌሳ።

ተናደድኩ። ሰው የተመኘውን እጁ ላይ ሲሰጡት እንዴት ይመልሳል? ፈሪ ናቸው አልኩ፤ ኮሚቴ ፈርተው ነው አልኩ። ሰልፉ ወደ ድንጋዮቹ ተመለሰ፣ ስኳሩ ተመዘነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሸራው ላይ ሩሲያውያን እንደገና ቀጠኑ። ጓድ ጎበናም ክረምቱ ከፍቶባቸው ነው ብሎ አስተማረ።

ዘመኑ ሄዶ ሄዶ ደርግ ወደቀ፣ የቀበሌው ሱቅ ተዘጋ። ሲኒማ ቤቱም ከዚያ ብዙ አልቆየም፤ ቪዲዮ ቤት በየጥጉ በቅሎ ነበር። አንድ ቀን የሱቁ ዕቃ ሲራገፍ መነጽሩን ከቆሻሻው መሐል አገኘሁትና ለጋሽ ኡርጌሳ ልወስድላቸው ተነሳሁ። መንገዴ ላይ የመሐመድዘይን እህል መደብር አለ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ ገባሁና ሚዛን ላይ አስቀምጥልኝ አልኩት። ሁለት ኪሎ ከሩብ። እንደገና አስመዘንኩ። ሁለት ኪሎ ከሩብ።

ጋሽ ኡርጌሳ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መነጽሩን ሰጠኋቸው፣ መሐረባቸውን አወጡ።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

«ሙሴ ያኒ መነጽሩን ያመጣ ቀን ነግሮኛል። ሁለት ኪሎ ከሩብ ነው፣ እግርህ ላይ እንዳትጥለው አለኝ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት . . .»

«ከለቅሶ ስመለስ ላስመልስ ሱቅ ሄድኩ። ዘርፉ እየተመዘነላት ነበር። አየሁና ዝም አልኩ። ሁለት ኪሎ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አደረግኩ?»

ያን ጊዜ ነው ለኮሚቴው ከጆንያው ለምን እንደማይተርፍ የገባኝ፤ ሩብ ሩቡ በየዘንቢሉ ይገባ ነበር። ወርቄን ሁለት ጊዜ መፈተሼ አሳፈረኝ። እትዬ አየለች ከቤት ሆነው ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ፤ ታዲያ ያኔ ሁለት ወር ሳኮርፍ ለምን አልነገርከኝም አሉ። ብነግርሽ ሰልፉ ሁሉ ይሰማ ነበር አሉ ጋሽ ኡርጌሳ፣ ረጋ ብለው። እትዬ አየለች ይህን መካድ አልቻሉም።

እኔ ግን አልለቀቅኳቸውም። ያን ሰፊ ምስል እንደዚያ እየወደዱ፣ በየሳምንቱ የተጨመቀ ሰው ሲያሳዩ እንዴት አስቻለዎት አልኳቸው። መስታወቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩና መሐረቡን አጠፉ።

«ሸራ ላይ የቀጠነ ሰው አይርበውም» አሉ።

እትዬ አየለች ሻይ አመጡልኝ። ስንት ማንኪያ ስኳር ልጨምርልህ ብለው ጠየቁኝ። አፍሬ አንድ አልኩ፤ እሳቸው ሦስት ጨመሩልኝ።